የውርስ መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ

ርዕሰ አንቀጽ



ሰው ሲሞት በሰፈራችን የሚደረገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ እድሩም የሚገባውን ገንዘብ ይከፍላል። ሟቹ አገር ቤት የነበሩ አባት ወይም እናት ከሆኑም መርዶ ይረዳል፣ ጎረቤት ለቅሶ ይደርሳል። እስከ አርባው ድረስ ሐዘንተኛ ብቻውን አይውልም። ከአርባው በኋላ ያለው ነገር ግን የቤተሰቡ የብቻ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። አገር ቤት የቀረው የቆርቆሮ ቤት፣ ባሕር ዛፉ፣ ከብቱ፣ የይዞታ ደብተሩ፣ አንዳንዴም በባንክ የተቀመጠችው ጥቂት ገንዘብ የማን ነው? ማንስ ሄዶ ይጨርስ? የሚለው ጥያቄ ሲነሣ አብሮ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ብቅ ከሚሉት አባላት ብዙዎቹ የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። «የአባታችንን ውርስ በወረዳ ፍርድ ቤት ለማስጨረስ ስንት ብር ይበቃናል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠያቂውም መላሹም ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ፍርድ ቤቱ በደረሰኝ የሚቀበለውን ገንዘብ ብቻ ስለሆነ፣ የሚገኘው መልስ አሳሳች ነው። እኛ እንደምንረዳው ፍርድ ቤት የሚያስከፍለው ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው። ትልቁ ወጪ መንገድ ላይ ይፈሳል፤ ከእርሱም የሚብሰው በጠብ ያልቃል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንለው ነገር አንድ ነው፤ መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተቀመጡና ወጪውን በሙሉ ከሚገኘው ድርሻ ጋር አስተያዩት።

በመጀመሪያ ጉዳዩ የሚታየው የት እንደሆነ ይጠየቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 826 ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ሥፍራ ነው ይላል። ልጆቹ ያሉበት ቦታ አይደለም፤ ንብረቱ ያለበትም ቦታ አይደለም። እናታችሁ የመጨረሻዎቹን ስምንትና አሥር ዓመታት እዚሁ ከእናንተ ጋር ኖረው፣ መታወቂያም ከዚሁ አውጥተው እንደሆነ፣ የወራሽነት ማስረጃውን ከአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ማግኘት ይቻል እንደሆነ ሳታጣሩ አውቶቡስ አትሳፈሩ። ለሕክምና መጥተው ሦስት ወር ተኝተው ያረፉ ከሆነ ግን ያ እንግድነት ነው፤ መኖሪያቸው ያው አገር ቤት ስለሆነ ጉዳዩም የዚያው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ይህችን አንድ ነገር ቀድሞ አለመጠየቅ ብቻ ስንቱን ሰው በከንቱ አመላልሶታል።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ባለጉዳዮቹ ሁሉ ከፈቀዱ የውርስ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለማየት እንደሚችሉ ያውቃሉ። ሆኖም ከዚህ በታች ስለ መንገድ፣ ስለ ምስክርና ስለ ደረሰኝ የምንለው ለሁሉም የሚሆን ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ለመሆኑ የሚወረሰው ምንድን ነው? የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርገን መናገር ይኖርብናል፤ ምክንያቱም ከከተማ የሚሄደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው መሬቱን ነውና። የገጠር መሬት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የግል ሀብት አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አጽንቶታል። በውርስ ሊተላለፍ የሚችለው የመጠቀም መብቱ ሲሆን፣ ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስነውም የገጠር መሬት ሕግ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ይህን መብት በውርስ ማስተላለፍን የፈቀደው ለቤተሰብ አባል ነበር፤ የቤተሰብ አባል ያለውም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ሰው ነው። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ከተማ የኖረ ሰው «የአባቴ መሬት» ብሎ ገንዘቡን ከመርጨቱ በፊት የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ በነጻ ነው። ከጎረቤት የሰማነው «እነ እገሌ እኮ ወሰዱ» የሚለው ወሬ በየትኛው ሕግ ዘመንና በየትኛው ክልል እንደሆነ አይታወቅም።

ቤቱ፣ ዛፉ፣ ከብቱና የጎተራው እህል ግን ሌላ ነው። ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራው ስለሆነ ይወረሳል። ስለሆነም በወረቀታችሁ ላይ መሬቱን ለብቻ፣ ንብረቱን ለብቻ ጻፉ። ንብረቱንም አገር ቤት ዛሬ በሚሸጥበት ዋጋ ገምቱት እንጂ በናፍቆት ዋጋ አትገምቱት። የተወለድንበት ቤት ለእኛ ዋጋ የለውም፤ ለገዢ ግን ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ደግሞ ዝገት የጀመረው ቆርቆሮ ነው።

አባት ሞተው እናት በሕይወት ካሉ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የእርሳቸው ይለያል። የጋራው ሀብት ግማሽ የእናት ነው። ይህ ውርስ አይባልም፤ የራሳቸው ንብረት ነው። ለልጆች የሚደርሰው ከሟች ግማሽ ላይ ዕዳና ወጪ ተቀንሶ የቀረው ብቻ ነው። በሌላ በኩል ባል ወይም ሚስት በኑዛዜ ካልተሰጣቸው በስተቀር በሕጋችን እንደ ወራሽ አይቆጠሩም። እንግዲህ በሬ ሁለት ቢሆን አንዱ የእናት ነው፤ ስድስት ልጆች የሚማከሩት በአንዱ በሬ ላይ ነው ማለት ነው። በሉ አሁን ስድስታችሁም በአውቶቡስ ሂዱ!

ወደ ወጪው እንምጣ። መጀመሪያ ወረቀቱ ነው። የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ሞት በየቀበሌው በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይመዘገባል፤ ሕጉ የሚሰጠውም ጊዜ 30 ቀን ነው። ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ አንድ ሰው ቀበሌ ልኮ ማስመዝገብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዓመት በኋላ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለዚሁ መሄድ ግን ራሱን የቻለ ጉዞ ይሆናል። ከዚህም ጋር ልጅነታችሁን የሚያስረዳ ወረቀት ይጠየቃል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። በልጅነቱ ከተማ አጎቱ ዘንድ ተቀምጦ በአጎቱ ስም ተመዝግቦ የተማረ ስንት ሰው አለ! መታወቂያው የሚለው ሌላ፣ የአባቱ ስም ሌላ ነው። ይህ ያለበት ሰው ፍርድ ቤት ሲደርስ «አንተ የሟች ልጅ አይደለህም» ቢባል አይገረም፤ ነገሩን በምስክር ለማስረዳት ተጨማሪ ቀጠሮ እንደሚሄድበት ከወዲሁ በሒሳቡ ያስገባ። አባትም ቢሆኑ በቀበሌው መዝገብ በአንድ ስም፣ በአገሩ ሰው አፍ በሌላ ስም የሚጠሩ ከሆነ ይኸው ነው።

ጉዳዩ በኦሮሚያ ክልል ከሆነ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ከዚህ የምትወስዱት ወረቀት በአማርኛ ከተጻፈ ለትርጉም የሚከፈለውን ከወዲሁ ያዙ። ከሰላሌም ከአሩሲም የመጣችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ከተማ የተወለዱት ልጆቻችሁ ግን ላያውቁት ይችላሉ።

ማመልከቻውን ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ራፖር ጸሐፊ ይጽፈዋል፤ ዋጋው ከጠበቃ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ተቃዋሚ የሌለበት የወራሽነት ማስረጃ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጠበቃ ሳይቆም ያልቃል። ለዚህ ዓይነቱ ማመልከቻ የሚከፈለው የዳኝነት ገንዘብም አነስተኛ ነው። የንብረት ክፍፍል ክስ ሲሆን ግን ክፍያው የንብረቱን ግምት ተከትሎ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ይህ ስለሆነ ሬጅስትራሩን «ለወራሽነት ማስረጃ ስንት ነው? ለክፍፍልስ?» ብላችሁ ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ። ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ ጥሪ ይውጣ ብሎ ካዘዘም የማስታወቂያው ዋጋ ይጨመራል። አቅም የሌለው ሰው ያለ ዳኝነት ክፍያ በደሀ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት የሚጠይቅበት መንገድ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተቀምጧል። ይህን ሳያውቁ መብታቸውን ትተው የተቀመጡ እናቶች በመካከላችን ይኖራሉ ብለን ስለምንገምት፣ ያነበባችሁ ላላነበቡት ንገሩልን።

ከዚያ ምስክር አለ። ሦስት ሽማግሌዎች ከቀበሌያቸው ወረዳ ከተማ ድረስ ሲመጡ መኪናቸውንና ምሳቸውን የሚችለው ያስመሰከራቸው ነው። ይህንንም በአግባቡ ማሰብ ያስፈልጋል። ገበሬ በሰኔና በሐምሌ በእርሻ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ በአጨዳና በውቂያ ላይ ነው። በዚያ ወቅት ቀጠሮ አስይዞ «ምስክሬ ቀረብኝ» ማለት የራስ ጥፋት ነው። ቀጠሮው ከወረዳው ከተማ የገበያ ቀን ጋር እንዲገጥም ዳኛውን በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። ይፈቅዱ ይሆናል፣ ላይፈቅዱም ይችላሉ፤ ከፈቀዱ ግን ሽማግሌዎቹ በገዛ ጉዳያቸው ስለሚመጡ ለእናንተም ለእነርሱም ይቀላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ፍርድ ቤቶች ለእረፍት ስለሚዘጉ በሐምሌ የተከፈተ መዝገብ እስከ ጥቅምት ሊያድር እንደሚችል አትርሱ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ለምሳሌ ያህል ብቻ ሦስት ልጆች አሉ እንበል። መዝገቡም ከተከፈተበት ቀን አንሥቶ ውሳኔው ተገልብጦ እስኪወጣ ስድስት ጊዜ መሄድን ጠየቀ እንበል። ሦስቱም «እኔም ልኑር፣ እኔም ልስማ» ብለው አብረው ቢመላለሱ 18 ጉዞ ይሆናል። አንዱ ጉዞ መሄጃ፣ ችሎት፣ መመለሻ ሦስት ቀን ቢፈጅ 54 የሥራ ቀን ጠፋ ማለት ነው። ለአንድ ሰው መኪና፣ አልጋና ምግብ በጉዞ 3,000 ብር ብንይዝ 54,000 ብር ነው። ለምስክርና ለልዩ ልዩ ወረቀት 7,000 ብር ብንጨምር 61,000 ብር ይሆናል። ንብረቱ 90,000 ብር ቢያወጣ የሚተርፈው 29,000 ብር ነው፤ ለሦስት ሲካፈል ለአንዱ 10,000 ብር እንኳ አይሞላም። የባከነው የሥራ ቀን ሳይቆጠር ነው እንግዲህ።

እነዚሁ ሦስት ልጆች አንዱን ወክለው ቢልኩስ? ስድስት ጉዞ፣ 18,000 ብር፤ ከ7,000 ብሩ ጋር 25,000 ብር። የሚተርፈው 65,000 ብር፣ ለአንዱ የሚደርሰው ደግሞ ከ21,000 ብር በላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ያው፣ ዳኛው ያው፣ ሕጉ ያው፤ ድርሻው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለውክልናው ከሚወጣው ትንሽ ገንዘብ በቀር ሌላ የተጨመረ ነገር የለም። ይህ የምሳሌ ቁጥር ስለሆነ እናንተ የራሳችሁን መንገድና የራሳችሁን ዋጋ አስገቡበት። ሁለት ያልታሰቡ ቀጠሮዎችንም ጨምሩበት፤ መንገድ ይዘጋል፣ ዳኛ ይታመማል፣ መዝገብ ይጠፋል።

«ወንድሜን ብወክለው ይበላኛል» የሚል አይጠፋም። ይህን ስጋት አንንቀውም። ሆኖም ውክልና ሲሰጥ ልክ አለው። በውልና ማስረጃ ሲጻፍ ማስረጃውን እንዲያወጣ፣ እንዲከራከር ብቻ ተብሎ መጻፍ ይቻላል። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ገንዘብ እንዲቀበል» የሚለውን ቃል ካልፈለጋችሁት አታስገቡት። ጸሐፊው የተዘጋጀ ቅጽ አውጥቶ «ሁሉም ውክልና እንዲህ ነው» ቢላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ ካለ ደግሞ ውክልናው በኤምባሲ ተሰጥቶ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ከዚያም በውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ይህ ጊዜ ይፈጃል። ቤይሩት ወይም ጅዳ ያለች እህት በሥራዋ ላይ ፈቃድ ለምና ነው ኤምባሲ የምትሄደው። ስለሆነም መዝገብ ከመከፈቱ በፊት እንጂ ከተከፈተ በኋላ «ላኪልን» አትበሏት።

እህት ካነሣን ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። አንዳንድ ቤተሰብ የወራሾችን ስም ሲያስጽፍ ሴቶቹን ያስቀራል። «እርሷ ባል አላት»፣ «እርሷ አረብ አገር ናት፣ ምን ጎደላት»፣ «እርሷ በሌላ እናት ናት» ይባላል። ሕጉ ግን በቁጥር 837 ጾታ የወራሽነትን መብት አይለውጥም ይላል። በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም በውርስ እኩል ነው። ይህ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ሕግ ስለሆነ አዲስ ነገር ነው ማለት አይቻልም። ያ የሚወረሰው ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በማን ገንዘብ እንደነበርም የሰፈሩ ሰው ያውቃል፤ ብዙውን ጊዜ በእርሷው ነው።

ፍትሑን ለኅሊና ትተን ሒሳቡን ብቻ እንኳ ብናይ ስም ማስቀረት ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው። ያልተጠራች ወራሽ አንድ ቀን ትሰማለች። ስትሰማ መቃወሚያ ታቀርባለች። የተሰጠው ማስረጃ እንዲሰረዝ ትጠይቃለች። ያን ጊዜ ጠበቃ የግድ ይሆናል፤ ምስክር በሁለት ወገን ይቆጠራል፤ ይግባኝ አለ፤ ከይግባኝ በኋላ አፈጻጸም አለ። ያቺ ስድስት ጉዞ ሃያ ትሆናለች። ስሟን ማስጻፍ ምንም ወጪ አልነበረበትም። ደግሞም «ለወንድሞቼ ትቼላቸዋለሁ» ማለት የእርሷ መብት እንጂ የወንድሞቿ አይደለም፤ በራሷ አንደበት፣ ማንም ሳይገፋት ትበል።

ሽምግልናን በሚመለከት አቋማችን የተደበላለቀ ነው። የገጠር መሬት ክርክር በብዙ ቦታ መጀመሪያ በሽማግሌ እንዲታይ ይደረጋል፤ ጥሩ ነው። ሁሉም ወራሾች ባሉበት ተማክሮ፣ የድርሻው ዝርዝር በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ሁሉም ፈርመውበት፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ከነበረም ስምምነቱ በመዝገቡ ላይ ሲያያዝ ከማናቸውም ሙግት ይረክሳል። በቃል ብቻ «በእግዜር ስም ታርቀናል» ተብሎ ቡና ተጠጥቶ የሚለቀቅ እርቅ ግን ለሦስት ዓመት እንኳ አይቆይም። ሽማግሌዎቹም የሴቷን ድርሻ ለማግባቢያ ማቅረብ ከለመዱ፣ ያ እርቅ ሳይሆን ወጪውን በአንድ ሰው ላይ መጫን ነው።

የውርስ አጣሪ ይሾምልን የሚሉም አሉ። አጣሪ የሟቹን ሀብትና ዕዳ የሚቆጥር፣ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን የሚያጣራ፣ ዕዳ የሚከፍል ሰው ነው። ወራሾች ከተስማሙ በሕጉ ራሳቸው አጣሪዎች ስለሆኑ ከውጭ ሰው ማምጣት አያስፈልጋቸውም። ካልተስማሙ ግን ፍርድ ቤቱ በአመልካች ጥያቄ ይሾማል፤ ለድካሙም ከውርሱ ይከፈለዋል። ከብት በተበታተነበት፣ ብድር ባለበት፣ ልጆቹም በማይነጋገሩበት ቤት አጣሪ መሾሙ ገንዘብ ቢያስወጣም ይሻላል እንላለን። ሁለት በሬና አንድ ጎጆ ላለው ውርስ ግን ከአሣው መረቡ ይበዛል።

አሁን ለሁሉም የሚጠቅመውን አንድ ነገር ልብ በሉ። ለውርሱ ማጣሪያና አስተዳደር የወጣ ገንዘብ የላኪው ሰው የግል ኪሳራ ሆኖ መቅረት የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1014 ከውርሱ ሀብት የሚከፈለውን በቅደም ተከተል አስቀምጦታል፤ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የውርሱ ማስተዳደሪያና ማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ እያለ ይሄዳል። እንዲሁም በክርክር ያሸነፈ ሰው ወጪና ኪሣራውን ዘርዝሮ ከተሸናፊው ሊጠይቅ ይችላል። ሁለቱም የሚሆኑት ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። የአውቶቡስ ቲኬት፣ የአልጋ ደረሰኝ፣ የዳኝነት ደረሰኝ፣ የኮፒና የትርጉም ደረሰኝ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ። ደረሰኝ የማይሰጥበትን ደግሞ በደብተር ላይ ቀኑን ጽፎ ምስክሩን ማስፈረም ነው። የተዝካሩ ወጪ ለብቻ ይጻፍ፤ ከቀብሩ ወጪ ጋር አትደባልቁት፤ በወንድማማች መካከል ስንት ክርክር የሚነሣው «የደገስኩት እኔ ነኝ» በሚለው ነውና።

ሌላው ወጪ መዘግየት ነው። ዛሬ ገንዘብ የለንም ብሎ ማቆየት ነገ ወጪውን ያበዛል። ውርሱን ያለ መብት በያዘ ሰው ላይ የሚቀርብ የወራሽነት ጥያቄ፣ ከሳሹ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ሕጉ በቁጥር 1000 ይናገራል፤ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ የ15 ዓመት ገደብ ያስቀምጣል። ከሕጉም ሌላ ሞት አይጠብቅም። አባታችሁን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየዓመቱ ይቀንሳሉ፤ ከወራሾቹም አንዱ ሲሞት ልጆቹ በእርሱ እግር ይተካሉ። ዛሬ አምስት የነበረው ፈራሚ ከአሥር ዓመት በኋላ አሥራ ሰባት ይሆናል፤ ከአሥራ ሰባቱም ገሚሱ የሚኖሩበት አይታወቅም።

በሕይወት ያሉ አባቶችና እናቶችም ይህን ወጪ ሊቀንሱልን ይችላሉ። ኑዛዜ ማድረግ ሞትን መጥራት አይደለም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ሲፈረም ሕጋዊ ነው። ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ፣ ለመስቀልም ይሁን ለዒድ ወይም ለገና፣ ወላጆቻችሁን በአክብሮት «አባባ፣ እማማ፣ ነገሩን በጽሑፍ ብታደርጉልን» ብላችሁ ማንሣት ነውር አይመስለንም። ነውር የሚሆነው በሬሳ ላይ መጨቃጨቅ ነው።

በመጨረሻም በማኅበራችን ፊት የቀረበ አንድ ጥያቄ አለ። አንዳንድ አባላት ለውርስ ሙግት ከካዝናው ብድር ይሰጠን ብለዋል። እኛ ይህን በደፈናው አንደግፍም። የእድር ገንዘብ የጎረቤት የለቅሶ ገንዘብ ነው፤ አንዱ አባል ሌላውን አባል፣ ወንድም እህቱን የሚከስበት ስንቅ ሊሆን አይገባም። የሁለቱ ወገን ቤተሰብ እዚሁ ሰፈር ውስጥ ሲኖር ደግሞ ማኅበሩ የማን ወገን ሊሆን ነው? ነገር ግን ወራሾቹ በሙሉ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ስማቸው በማመልከቻው ላይ ሰፍሮ፣ አንድ ተወካይ መርጠው፣ ጠብ የሌለበት መሆኑን ፈርመው ሲቀርቡ፣ ለተወካዩ የመንገድ የሚሆን መጠኑ የተወሰነ ብድር ቢሰጥና ከውርሱ ሀብት ቢመለስ እንደግፋለን። በተለይ ትንንሽ ልጆች ይዛ የቀረች እናት ለመንገድ በማጣቷ ብቻ የልጆቿ ድርሻ የሌላ ሰው መሆን የለበትም። ውሳኔው የጠቅላላ ጉባኤው ስለሆነ አባላት ከወዲሁ አስቡበትና ተዘጋጅታችሁ ኑ።

እስከዚያው ድረስ በጽሕፈት ቤቱ አንድ ደብተር ተከፍቷል። በዚህ ጉዳይ አገር ቤት ተመላልሳችሁ የጨረሳችሁ ሁሉ የወረዳውን ስም፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሳችሁ፣ ምን ምን ወረቀት እንደተጠየቃችሁና ለምን ስንት እንደከፈላችሁ ጻፉበት። የራሳችሁንም ሆነ የማንንም ሰው ስም መጻፍ አያስፈልግም። ወደዚያው ወረዳ የሚሄደው ጎረቤት አንብቦ ይሄዳል። የዝምድና ምስክርነት ደብዳቤ የሚፈልግ አባልም የወራሾቹን ሙሉ ዝርዝር ይዞ እሑድ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢመጣ ያለ ክፍያ እንጽፍለታለን። ዝርዝሩ ጎደሎ ከሆነ ግን አንጽፍም።